ዘንበል ያለ አንገት

በዚያ ዘመን የደብረ ብርሃን ልብስ ሰፊዎች የሸሚዝ ኮሌታ ሲቆርጡ ግራውን ከቀኙ ዝቅ አድርገው ይቆርጡ ነበር። ያዘዛቸው የለም። ሰዉ አንድ ነገር በተጠየቀ ቁጥር አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ስለሚያደርግ ኮሌታው እየፈተገ ያስቸግረዋል። አንዱ ሰፊ ቀነስ አደረገው፣ ሌላው አይቶ ተከተለ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ከገጠር የመጣ እየመሰለ መሳቂያ ሆነ።

የሚያዘነብሉት ሹክን ለመስማት ነው። በመንግሥት ወረቀት ላይ «የግል ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚል ረጅም ስም አለው፤ ሰዉ ግን ሹክ ነው የሚለው፣ ግራ ጆሮ ውስጥ ተቀምጦ ሹክ ስለሚል። መጠኑ ከሽንብራ አይበልጥም። ባለሱቅ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ዘንበል ይላል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሁለቱም አዘንብለው ነው የሚጣሉት፤ ጠቡ ጨዋነት አለው፣ ማለቂያ ግን የለውም። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ድሮ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ጥግ ይዞ ይቀመጥ የነበረው፣ አሁን ድንጋይ የሚያስለቅስ ንግግር ያደርጋል፤ ሐዘንተኛውም አዘንብሎ ያማረ መልስ ይመልሳል። የሚያለቅስ ግን አይታይም።

ጋሽ ያብስራ ጥላዬ በዚህ ከተማ የተከበረ ሰው ነበር። እንጀራው ደሴ መንገድ ላይ ካለው የመኪና ባትሪ መሙያ ጣቢያ ነው፤ እዚያ ተቆጣጣሪ ነው። ክብሩ ግን ከምርቃቱ የመጣ ነው። አባቱ አቶ ጥላዬ ስመ ጥር መራቂ ነበሩ፤ ሠርግ ላይ ቆመው እጃቸውን ሲዘረጉ ልበ ደንዳና የተባለው ሁሉ ዓይኑን ይጠርግ ነበር ይባላል። ልጅየው ከሳቸው የወረሰው የእጅ አዘረጋጉን ነው። ቃሉን ሹክ ያቀብለዋል። እጁን ይዘረጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ ከዚያ ማር ማር የሚል ምርቃት ይወርዳል። ሁሉም የሚያዘነብል ስለሆነ ማንም ማንንም አይታዘብም። «የአባቱ ልጅ» ይሉታል። እሱም ሲሉት ዝም ብሎ ይቀበላል።

ይህ ሁሉ ደህና ነበር፣ ልጁ ጥሩወርቅ አደባባይ ላይ ቆማ እስክትቀር ድረስ።

ጥሩወርቅ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በዚያን ጊዜ ወላጅ ሁሉ ወደ ጥንት ስም ተመልሶ ነበር፤ ያብስራና ናሆም የሽማግሌ ስም ሆነው፣ ጥሩወርቅና ደምሴ የወጣት ስም ሆነዋል። እናቷ ብሌን የሞተችው እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደጋት አባቷ ብቻውን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ የሹኳ ባትሪ አለቀ። የባትሪ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ልጅ ባትሪ አለቀባት ብሎ ከተማው በኋላ ተሳልቋል። ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ልጅቷ አደባባዩ ጠርዝ ላይ ደርሳ ቆመች። መኪናዎቹ ያለ ነጂ የሚሄዱና ሰው ሲያዩ የሚቆሙ ናቸው፤ ቆመውም ጠበቋት። እሷ ግን መሻገር እንዳለባት የሚነግራት አጣች። መንገደኛ ምን ሆነሻል ሲላት አንገቷን ታዘነብላለች፣ ምንም አትሰማም፣ ቀና ትላለች፣ መልሳ ታዘነብላለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አንዲት ቆሎ ሻጭ እጇን ይዛ አሻገረቻት።

ትምህርት ቤቱ ነገሩን ሲያጣራ፣ ልጅቷ ከእንቅልፏ ከተነሳችበት እስከምትተኛበት ሹክን ሳትጠይቅ የምታደርገው ነገር እንደሌለ ታወቀ። የትኛውን ጫማ ላድርግ ትለዋለች፤ ይህን ሁሉም ይጠይቃል። እሷ ግን «ርቦኛል?» ብላም ትጠይቅ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ «አሁን ከፍቶኛል ወይስ አልከፋኝም?» ብላዋለች። ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲነግሩት ያብስራ የሚያየው ወለሉን ነበር።

ወደ እንጃ ክፍል ተላከች። ይህም የሕዝቡ ስም ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አሮጌ ግቢ ነው፣ ሹክ ያሸነፋቸው ልጆች አንድ ክረምት የሚቀመጡበት። ያብስራ አፈረ። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ መጀመሪያ ያፈረው በልጁ ነው። ለጎረቤት «ደብረ ሲና አክስቷ ዘንድ ሄዳለች» አለ። ሹክ ደግሞ ውሸቱን አሳመረለት፤ አክስቷን ጉልበቷን አሳመማት፣ የምትረዳት ሰው አሳጣት፣ ጥሩወርቅንም አዛኝ ልጅ አደረጋት። ጎረቤቱ አቶ ናሆም፣ ባለ ወፍጮ ቤቱ፣ ይህን ሰምቶ ልጅ ማሳደግ እንዲህ ነው ብሎ አመሰገነው። የናሆም ልጅ ደምሴ አዲስ አበባ ኮርስ ላይ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ወላጅ መጠየቅ በተፈቀደበት ቀን ያብስራ ሄደ። በሩ ላይ ዘበኛው ሹኩን ከጆሮው ተቀብሎ ጥጥ የተነጠፈበት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠለት። ለዓመታት ነፋስ ያልገባበት ጆሮው በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። ግቢው ውስጥ ከናሆም ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሁለቱም ባዶ ጆሯቸውን ይዘው ትንሽ ቆሙና፣ ስለ ብርዱ ተነጋግረው ተላለፉ።

የክፍሉ ኃላፊ እትዬ ፌቨን የተባሉ ፀጉራቸው የነጣ፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ ሴትዮ ናቸው። ልጆቹ ሲማሩ በመስኮት አሳዩት። ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው «እንጃ» ይላል። ከዚያ ጠያቂው ወሬ አይቀይርም፣ አይነሳም፣ ይጠብቃል። አንዳንዱ ልጅ «እንጃ» ለማለት ሲያልበው ይታያል። መጀመሪያ የገቡ ሰሞን ቃሉን ሲናገሩ ያለቅሱ እንደነበር እትዬ ፌቨን ነገሩት።

ያብስራ ሹክን እንዲጠሉት ነው ወይ የምታስተምሯቸው ብሎ ጠየቀ።

«የለም፤ ነገ ሲወጡ ይጠቀሙበታል» አሉ። «ማን ማንን እንደያዘ እንዲያውቁ ነው። ልጁ ጥያቄው ሳይመጣ እጁ ወደ ጆሮው ከሄደ፣ ሲወስዱበት ቤቱን ከገለበጠ፣ ሰው እያናገረው ልቡ እዚያ ከሆነ፣ የተያዘው እሱ ነው። ይህን ራሱ ላይ ማየት ከቻለ ግማሽ መንገድ ሄዷል። አዋቂውን ግን ማን ያስተምረው?» ያብስራ የመጨረሻውን እንዳልሰማ ሆነ።

ጥሩወርቅ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቀችው። ከስታ ነበር፣ ዓይኗ ግን የሚያይ ዓይን ሆኗል። እንዴት ነሽ አላት። እንጃ አለችው። ደህና ነሽ አይደል፣ ምግቡ ጥሩ ነው አይደል፣ ብርዱስ እያለ ሲያከታትልባት አቋረጠችው።

«አባዬ፣ እንጃ ካልኩህ በኋላ ትጠብቃለህ። እዚህ እንደሱ ነው።»

ጠበቀ። መጠበቅ እንዲህ የሚያሳፍር ነገር መሆኑን አያውቅም ነበር፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«እማዬ የሞተች ጊዜ፣ እማዬ ምን ዓይነት ሰው ነበረች ብዬ ጠየቅኩህ» አለች በመጨረሻ። «አዘነበልክ። ከዚያ ‹እናትሽ ፈገግታዋ የረጋ፣ ልቧ የሰፋ፣ ቃሏ የታመነ ሴት ነበረች› አልከኝ። በጣም ወደድኩት። ስተኛ ለራሴ እደግመው ነበር። ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ የራሴን ሹክ ገዛህልኝ። መጀመሪያ የጠየቅኩት እሷን ነው። ቃል በቃል ያንኑ አለኝ።»

ያብስራ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

«አልተናደድኩም» አለችው። «ከሱ ሰምተህ የምትነግረኝ ከሆነ እሱኑ ብጠይቀው ይሻላል ብዬ ነው። እሱ አይደክመውም።»

እፍረት ዕቃ ቢሆን ኖሮ ያብስራ ያን ቀን ከልጁ ትከሻ ላይ አንስቶ ወደ ራሱ ሲያዞረው ይታይ ነበር። ሲወጣ እትዬ ፌቨን ስለ መውጫው ቀን ነገሩት። በዚያ ቀን ወላጅ ልጁን ቆሞ ይመርቃል። ከምርቃቱ በኋላ ልጅቷ ለአንድ ዓመት ጥያቄዋን ከሹክ በፊት የምትወስድለትን ሰው ትሰይማለች፤ የምትኖረውም ከዚያ ሰው ጋር ነው። አባትም ይሁን አክስት፣ መምህርም ይሁን፣ ምርጫው የሷ ነው።

«ምርቃቱ ታዲያ ከገዛ አፍዎ ይሁን» አሉት። ምን ማለትዎ ነው ብሎ ተቆጣ፤ የአቶ ጥላዬ ልጅ መሆኑን አላወቁም ይሆን?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ልጁ አክስቷን ከሰየመች፣ ለጎረቤት የዋሸው ውሸት እውነት ሆኖ ደብረ ሲና ትሄዳለች፤ እሱም ባዶ ቤት ይገባል። እሱን ከሰየመችው ደግሞ ያለፈው ሁሉ ይታረማል። ስለዚህ ምርቃቱ የማይረሳ መሆን ነበረበት። ጣቢያው ውስጥ መኪናዎቹ ባትሪ እስኪሞሉ ሹኩን አውጥቶ ኪሱ ከተተና፣ ሰው በሌለበት እጁን ወደ ቆሙት መኪናዎች ዘረጋ። «ልጄ» አለ። ከ«ልጄ» ወዲያ የሚመጣ ነገር አልነበረም። በማግስቱም ሞከረ፤ «ልጄ» ብሎ ቆመ። አንዱ መኪና የተጠራ መስሎት መብራቱን አበራ።

የመውጫው ቀን ሲቃረብ ሹኩን መልሶ ጆሮው ውስጥ አደረገ። አንድ ጊዜ ብቻ ልጠይቀውና በቃሌ ላጥናው አለ ለራሱ፤ ሰው ያጠናው ነገር የገዛ ራሱ አይደል እንዴ? ዳዊት የደገመ ሁሉ ዳዊትን አልጻፈውም። ማንም ሰው ተናግሮት የማያውቅ፣ ከልብ የወጣ የአባት ምርቃት ስጠኝ አለው። ሹክ ሰጠው። ያብስራ በመኪናና በመኪና መካከል እየተመላለሰ አጠናው፣ ሲያጠናውም እንባው መጣ፤ እንባዬ ከመጣ የኔ ነው ብሎም ደመደመ።

በመውጫው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወላጆቹ ባዶ ጆሯቸውን በነጠላና በኮት ኮሌታ እየሸፈኑ ተቀመጡ። ልጆቹ ፊት ለፊታቸው ተደርድረዋል፣ አንገታቸው ቀጥ ብሎ። መጀመሪያ የተጠራው አቶ ናሆም ነበር። ደምሴ ከመቀመጫው ተነሳ። ናሆም ጉሮሮውን ጠረገና እጁን ዘረጋ።

«ልጄ፣ መንገድህ እንደ ማለዳ ጀንበር የበራ ይሁን» አለ።

ወላጆቹ «አሜን» አሉ። ከልጆቹ በኩል ድምፅ አልተሰማም። ያብስራ ቃሉን አወቀው፤ እሱ ያጠናው መጀመሪያ ራሱ ነው። ሁለተኛውን ሳይሰማው በፊት ያውቀው ነበር።

«ልብህ እንደ ክረምት ወንዝ የሞላ ይሁን።»

ወላጆቹ አሁንም «አሜን» አሉ፣ ቀዝቀዝ ብለው። አንዲት እናት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ አንድ አባት ጫማውን ማየት ጀመረ። ማንም ያልተናገረውን ስጠኝ ብሎ የጠየቀው ያብስራ ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ናሆም ሦስተኛውን፣ የዋርካውን ጥላና የብዙዎችን ማረፊያ፣ ለራሱ ድምፅ እየፈራ ጨረሰው። ልጆቹ ከሰው ለወጣ ቃል ካልሆነ አሜን ላለማለት ተስማምተው ኖሯል፤ ያብስራ ይህን የሰማው በኋላ ነው። ደምሴ አባቱን አመስግኖ ተቀመጠ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ የለመደው ሰው ድምፅ ነበር።

ቀጥሎ ጥሩወርቅ ተጠራች።

ያብስራ ሲነሳ ወላጆቹ ተነቃነቁ፤ የታወቀው መራቂ ነው የተነሳው፣ ሁላቸውንም ከእፍረት የሚያወጣቸው እሱ ነው። እጁን እንደ አባቱ ዘረጋ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ አንገቱ ሳያዘው ወደ ግራ ዘንበል አለ።

ባዶ ጆሮው ውስጥ ነፋስ ብቻ ነበር። ዓይኑን ሲገልጥ ልጆቹ ሁሉ አንገቱን እያዩት ነው። ቢስቁበት ይሻለው ነበር። አልሳቁም። በሽታውን ያውቁታልና እንደ በሽተኛ ነበር የሚያዩት፤ አንዷ ልጅ እንዲያውም አይዞህ ለማለት ራሷን ነቀነቀችለት። ጥሩወርቅ ጣቶቿን ታያለች። ያብስራ እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲመርቅ ኖሮ፣ ለገዛ ልጁ የሚሆን አንዲት ቃል ቤቱ ውስጥ የለችም።

«ዕድሜ…» አለ። ዕድሜ ይስጥሽ ይባላል፣ ግን ከኋላው የሚመጣው ጠፋው። «ከክፉ…» ብሎ ጀመረ። እሱንም ተወው። የተዘረጋ እጁን አወረደ።

«እንጃ» አለ። «ምን ብዬ እንደምመርቅሽ እንጃ፣ ልጄ።»

ወላጆቹ አንገታቸውን ደፉ። ልጆቹ ግን ይህን ቃል ሲሰሙ ሁሉም ቀና ብለው ተስተካክለው ተቀመጡ፤ መጠበቅ ጀመሩ። ጥሩወርቅም ዓይኗን አነሳች። ያን ያህል ሰው ዝም ብሎ ሲጠብቀው ያብስራ አይቶ አያውቅም። ውጭ ነፋሱ የቆርቆሮውን ጣራ ያንቀጫቅጨዋል። ብርዱ ጆሮው ውስጥ ገባ፤ ስለ ብርድ አሰበ፤ ከብርዱ ጋር አንድ ነገር መጣ።

«ትንሽ ሆነሽ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ውስጥ ትገቢና እግርሽን ሆዴ ላይ ትለጥፊ ነበር። በረዶ ነበር እግርሽ። እጮሃለሁ፣ አንቺ ትስቂያለሽ።» ቆመ። ምርቃት እንዲህ አይጀመርም። «እግርሽ አይቀዝቅዝ» አለ። «ከቀዘቀዘም የምትለጥፊበት ሰው አትጪ።»

ከኋላ አንድ ወላጅ ሳቅ አመለጠው። እውነትም የሚያስቅ ምርቃት ነበር፤ የአቶ ጥላዬ ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ስለ እግር። ያብስራ እስከ ጆሮው ጫፍ ቀላ። ከፊት ለፊቱ ግን አንድ ድምፅ፣ ያውም ትንሽ፣ «አሜን» አለ። የጥሩወርቅ ነበር። ከሷ ቀጥሎ ልጆቹ ሁሉ አሉ።

እትዬ ፌቨን የምትሰይመውን ሰው ጠየቋት። ያብስራ ከአሜኑ በኋላ የገዛ ስሙን ጠበቀ።

«አክስቴ ኤልሻዳይ» አለች።

አሜን ሌላ፣ እምነት ሌላ። በአንድ ቀን ምርቃት የዘጠኝ ዓመት ማዘንበል እንደማይካስ ያብስራ ገባው፤ ገባው ማለት ግን አላመመውም ማለት አይደለም። ራሱን ነቀነቀ፣ ጥሩ ነው አለ፣ ወንበሩን በዳሰሳ አግኝቶ ተቀመጠ። ናሆም ከጎኑ ጉልበቱን መታ መታ አደረገለት።

በሩ ላይ ዘበኛው ቆርቆሮውን መለሰለት። ያብስራ ሹኩን አውጥቶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ይህ ጀግንነት አልነበረም፤ ልጁ እያየችው ስለሆነ ነው። የደብረ ሲናው መኪና ወደሚቆምበት ሻንጣዋን ተሸክሞላት ሄዱ። ጎረቤት ሲጠይቀው የሚመልሰውን እያሰበ ነበር። ደብረ ሲና አክስቷ ዘንድ ናት ይላል፤ አሁን እውነት ነው፣ እውነት መሆኑ ደግሞ ከውሸቱ ይልቅ ያሳፍራል።

መቆሚያው ላይ ሰው አልነበረም። ነፋሱ ከሜዳው ተነስቶ ይመጣል። ጥሩወርቅ ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳበችና ወደ መንገዱ እያየች ተናገረች።

«አባዬ፣ እማዬ ስትስቅ እንዴት ነበር የምትስቀው?»

አንገቱ መሄድ ጀመረ። ተሰማው። ዘንበል ብሎ ሳይጨርስ ያዘው፤ የተለመደ ነገር መያዝ ጅማት እንደሚያሳምም ያን ጊዜ አወቀ።

«እንጃ» አለ።

ጠበቀች። የደብረ ሲናው መኪና መጥቶ ፊታቸው ቆመ፣ በሩን ከፈተ፣ ይሳፈሩ እንደሆነ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀ። ጥሩወርቅ እጇን አውለብልባ አሳለፈችው። በሩ ተዘግቶ ሄደ።

«አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር» አለ ያብስራ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው። «የፊት ጥርሷ ጫፉ ተሰብሮ ነበር። ከመጋባታችን በፊት የለስላሳ ጠርሙስ በጥርሷ ልትከፍት ስትል። አትችዪም ብዬ እልህ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ስትስቅ በሙሉ እጇ ነው የምትሸፍነው፣ እንዲህ አድርጋ። ሳቋ ግን በጣቶቿ መሃል ይወጣል፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል። ፎቶ ሲያነሷት አፏን የምትገጥመው ለዚያ ነው።»

ጥሩወርቅ የእናቷን ፎቶዎች አንድ ሳይቀር ታውቃቸዋለች። ሹክ «ፈገግታዋ የረጋ» ያለው ከነሱ ላይ አይቶ ነው።

እጇን እሱ እንዳሳያት አድርጋ አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ «እውነትህን ነው?» ብላ ጠየቀችው፤ መልሱን ከመስማቷ በፊትም ቀና ብላ አንገቱን አየችው።

ቀጥ ብሎ ነበር።